ምላጭና መስተዋት፦ ለጀማሪዎች የጢም አላጫጭ ትምህርት



በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ንባብ ልምድ፣ ስለ ፈተና ዝግጅት፣ ወይም ልጆቻችን በሰው አገር አማርኛቸውን እንዳይረሱ ስለምናደርገው ጥረት ነው። ዘንድሮ ግን ስለ ጢም መላጨት እንጽፋለን። ርእሱን አይታችሁ ፈገግ ብትሉ አንቀየምም፤ እኛም በመምህራን ስብሰባ ላይ ነገሩ መጀመሪያ ሲነሣ ፈገግ ብለን ነበር። ቆየት ብሎ ግን ፈገግታው ጠፋ። ምክንያቱን በቅድሚያ እንነግራችኋለን። ከዚያም ትምህርቱን እንደ ማንኛውም ትምህርት ከመሣሪያው እስከ መልመጃው በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

የትምህርት ቤታችን ደንብ ስለ ንጽሕና በሚናገርበት ክፍል "ወንድ ተማሪዎች ጢማቸውን ተላጭተው መምጣት አለባቸው" የሚል አንድ መስመር ነበረው። ደንቡን የጻፍነው እኛው ነን። ስንጽፈው ከተማሪዎቻችን አብዛኞቹ ሕፃናት ስለ ነበሩ መስመሩ ማንንም አልነካም። ዓመት ዓመትን ሲወልድ ልጆቹ አደጉ፤ ድምፃቸው ጎረነነ፣ ከንፈራቸው ላይ ጢም አቀመቀመ። ደንቡ ግን እንደ ነበረ ቆየ።

የናይሮቢ ብርድ በሚጠናበት በሐምሌ ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጢሙን ሳይላጭ መጣና ከበር ተመለሰ። በማግስቱ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ገባ። ክፍል ውስጥ ሻርፑን እንዲያወልቅ ሲጠየቅ አገጩ ሥር ሦስት ቦታ ተቆርጦ ደሙ ደርቋል፤ ጉንጩም ቀልቶ ተላልጧል። ወደ ቢሮ አስጠራነው።

"ምን ሆነህ ነው ልጄ?" አልነው።

"ተላጭቼ ነው፣ ቲቸር።"

"በምን ተላጨህ?"

"በምላጭ።"

መላጫው ምን ዓይነት እንደሆነ ስንጠይቀው ምላጭ የሚታሰርበት መሣሪያ መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር። የምላጩን አንዱን ስለት በወረቀት ጠቅልሎ፣ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ያለ ውሃና ያለ ሳሙና፣ ፊቱን በስልኩ ካሜራ እያየ ነበር የተላጨው። ምላጩም አዲስ አልነበረም። አብሮት የሚኖር ዘመዱ ተጠቅሞበት መስኮት ላይ ያስቀመጠው ነው።

"አባትህ አላሳየህም?" አልነው ሳናስብ።

"አባቴን በስልክ ነው የማየው፣ ቲቸር" አለ።

አባቱ ለሥራ ሌላ አገር ከሄደ ስድስተኛ ዓመቱ ነው። እናቱን ስናነጋግራት አቀርቅራ "እኔ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ነገር ምን ብዬ ልንገረው? እሱም አፈረ፣ እኔም አፈርኩ" አለችን። ከዚያ በኋላ ጢም ያወጡትን ሌሎች ልጆች አንድ በአንድ ስንጠይቅ መልሳቸው ተመሳሳይ ነበር። አንዱ በወንድሙ መላጫ ተደብቆ ይላጫል፤ ሌላው ፊቱ ብጉር በብጉር ስለሚሆን ሰኞ ሲመጣ ይጨነቃል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጢሙን ያሳደገው አያቱ አዲስ አበባ ስላረፉ በሐዘን ነበር። እኛ ግን ሳንጠይቀው ሁለት ጊዜ ተቆጥተነዋል።

ስህተቱ የእኛ ነበር። "ተላጭታችሁ ኑ" አልን እንጂ እንዴት እንደሚላጩ አላስተማርንም። ትምህርቱን ዘልለን ፈተናውን ሰጠን። ስለዚህ በሁለት ቅዳሜዎች ከሰዓት በኋላ፣ ለፈለገ ሁሉ የጢም አላጫጭ ትምህርት አዘጋጀን። ያስተማሩን የአንዲት ተማሪያችን አያት ናቸው። ፒያሳ ላይ ለረጅም ዓመታት ፀጉር ያስተካከሉ፣ አሁን ከልጃቸው ጋር እዚሁ ኪሌሌሽዋ የሚኖሩ አባት ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ከእሳቸው የተማርነውና እኛ ከሳይንሱ የጨመርንበት ነው።

በእኛ ልጅነት

በእኛ ልጅነት አባት ሲላጭ ልጅ መስተዋት ይይዝ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ወደምትገባበት በር በርጩማ ይወጣል፤ በጣሳ ለብ ያለ ውሃ ይመጣል፤ ብሩሹ ሳሙናው ላይ እየዞረ አረፋው ይነሣል። መስተዋት ያዡ ልጅ እጁ እስኪዝል ቆሞ ሁሉንም ያያል፦ አባቱ ጉንጩን እንዴት እንደሚነፋ፣ አፍንጫውን በጣቱ ወደ ላይ ገፍቶ ከንፈሩን እንዴት እንደሚላጭ፣ ምላጩን ስንት ጊዜ ውሃ ውስጥ እንደሚነክር። ማንም "ዛሬ አስተምርሃለሁ" አላለውም። እሱ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ትምህርቱን ጨርሷል፤ የቀረው ጢሙ መውጣቱ ብቻ ነው።

ያለቀ ምላጭም አይጣልም ነበር። ለሁለት ተሰብሮ እኩሌታው ለእናት ክር መቁረጫ፣ እኩሌታው ለልጅ እርሳስ መቅረጫ ይሆናል። በደብተራችን መካከል ምላጭ ይዘን ትምህርት ቤት የሄድን ብዙዎች ነን፤ ጣታችን ላይ ያለው ጠባሳ ይመሰክራል። ያንን ልማድ እንድትወርሱ አንፈልግም። መስተዋት የመያዙን ልማድ ግን ብትወርሱ ደስ ይለናል። ዛሬ በኪሌሌሽዋ አፓርታማ አባት መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ ይላጫል። አንዳንዱም አባት አጠገብ የለም። መስተዋት ያዥ ጠፍቷል ማለት ነው።

የመላጫው ታሪክ ባጭሩ

ከሁለት ስሞች እንነሣ። "ምላጭ" የምንለው ስለቱን፣ ያንን ስስ ብረት ነው። "መላጫ" የምንለው ደግሞ ምላጩ የሚታሰርበትን ባለ እጀታ መሣሪያ ነው። በኪስዋሂሊ ምላጭን "ዌምቤ"፣ ፀጉር አስተካካይን "ኪኞዚ" ይሉታል፤ የሰፈራችሁን ሱቅ ስትጠይቁ ያገለግላችኋል።

ቀድሞ ሰው የሚላጨው እንደ ካራ በሚታጠፍ ረጅም ስለት ነበር። ስለቱ በየጊዜው በድንጋይና በቆዳ መሳል ስላለበት የባለሙያ እጅ ይፈልጋል፤ እጁ ከተሳሳተም ቁስሉ ከባድ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ፔሬ የተባለ ፈረንሳዊ የስለት ሠሪ የአናጺን መላጊያ አይቶ፣ ስለቱ ከእንጨት መከታ ትንሽ ብቻ ብቅ የሚልበትን መላጫ አሰበ። መላጊያ እንጨቱን ስስ ስስ አድርጎ እንጂ ጠልቆ እንደማይቆርጥ ሁሉ፣ መከታ ያለው ምላጭም ቆዳ ውስጥ ጠልቆ አይገባም። የዛሬው መላጫ መሠረተ ሐሳብ ይኸው ነው።

መሣሪያውን ለዓለም ያዳረሰው አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። ጂሌት ቀድሞ የጠርሙስ ቆርኪ ለሚሠራ ኩባንያ እየዞረ ይሸጥ ነበር፤ እናንተ በልጅነታችሁ የተጫወታችሁበትን ቆርኪ ማለታችን ነው። የቆርኪው ፈጣሪ ዊልያም ፔይንተር "አንድ ጊዜ ተጠቅመውበት የሚጥሉት፣ ከዚያም እንደገና የሚገዙት ነገር ፍጠር" ብሎ እንደመከረው ይነገራል። ጂሌት አንድ ቀን ሲላጭ ስለቱ ደንዞ አስቸገረው፤ ያኔ የማይሳል፣ ሲደነዝዝ የሚጣል ስስ ምላጭ ታየው። ሐሳቡ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ ነገር ግን ያን ያህል ስስ ብረት አጠንክሮ ስለት ማውጣት አይቻልም ብለው ባለሙያዎች ተስፋ አስቆረጡት። ችግሩን የፈታው ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ነው። ኩባንያቸው በቦስተን በ1901 ተቋቋመ፤ ሽያጭ በተጀመረበት በ1903 የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የመላጫው ሽያጭ ከ90,000 በላይ ሆነ፤ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫውም በዚያው በ1904 ኅዳር ወር ተሰጠ። ተማሪዎች ሆይ፣ በ51 መላጫ ያቆመ ቢሆን ኖሮ ስሙን ዛሬ ባላነሣን ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ መላጫ አደለ፤ ከጦር ሜዳ የተመለሱትም በቤታቸው መላጨቱን ቀጠሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የማይዝግ ብረት ምላጭ በሰፊው ገበያ ላይ ዋለ። በ1971 ሁለት ስለት ጎን ለጎን ያለው መላጫ መጣ፤ ከዚያም ሦስት፣ አራት፣ አምስት እየተባለ ተደራረበ። ስለት ሲበዛ ግን ለሁሉም ፊት ይሻላል ማለት አይደለም። እኛን የሚመለከተውም ይኼው ነጥብ ነው።

ለእኛ ፀጉር አንድ ስለት ለምን ይሻላል?

የብዙዎቻችን ጢም ጠምዛዛ ነው። ጠምዛዛ ፀጉር ሲቆረጥ ጫፉ እንደ መርፌ ይሾላል። ሲያድግ ወደ ውጭ በመውጣት ፈንታ ተጠማዞ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ቆዳም እንደ እሾህ ቆጥሮ ይቆጣል፤ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም መግል ይይዛል። ከተላጨን በኋላ በአገጭ ሥርና በአንገት ላይ የሚወጣው "ብጉር" አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። የቆሻሻነት ምልክት አይደለም፤ በጥቁር ወንዶች ላይ በብዛት የሚታይ የፀጉር ጠባይ ነው።

ባለ ብዙ ስለቱ መላጫ የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ሲስበው የሚከተለው ይቆርጠዋል። የተሳበው ፀጉር ሲመለስ ከቆዳው ወለል በታች ይገባል። ለለስላሳና ቀጥ ያለ ፀጉር ይህ ጥሩ ነው፤ ለጠምዛዛ ፀጉር ግን ከቆዳ በታች ሆኖ ወደ ጎን እንዲበቅል መጋበዝ ነው። አንድ ስለት ያለው መላጫ ፀጉሩን ከቆዳው ወለል ጋር እኩል ስለሚቆርጥ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ሌላም የሳይንስ ነጥብ አለ። ብረት ከፀጉር እጅግ የጠነከረ ሆኖ ሳለ ምላጭ ለምን ይደነዝዛል? እ.ኤ.አ. በ2020 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች በሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ብረቱ ከፀጉሩ 50 ጊዜ ያህል የጠነከረ ቢሆንም ፀጉር የስለቱን ጠርዝ በጥቃቅኑ እንደሚሸርፈው አሳይተዋል። አገራችን "ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ፣ ውሃ ቢያንቅ በምን ይውጡ" ትላለች። ምላጭም ለካ ይታመማል! ስለዚህ ምላጭ የሚቀየርበት ጊዜ አለው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዕቃው ብዙ አይደለም፦ አንድ መላጫ፣ አዲስ ምላጭ፣ የመላጫ ሳሙና ወይም ክሬም፣ ብሩሽ፣ መስተዋት፣ ንጹሕ ፎጣ፣ ለብ ያለ ውሃ። ብሩሽ ከሌለ በእጅ ማሸት ይቻላል። ደሙ እንዲቆም የሚረዳ፣ ሸብ የሚባል ነጭ ድንጋይ መሰል ጨው ቢገኝ መልካም ነው። መላጫው አንዴ ከተገዛ ለዓመታት ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ የሚገዛው ምላጭ ብቻ ስለሆነ ለተማሪ ኪስ ይስማማል።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. ማረስረስ። በኪስዋሂሊ የታወቀ ምሳሌ አለ፦ "ኡኪኦና ምዌንዛኮ አናኞሌዋ፣ ዛኮ ቲያ ማጂ"፤ ባልንጀራህ ሲላጭ ካየህ የአንተን ውሃ አርከፍክፍበት ማለት ነው። ምሳሌው የሚነገረው በሌላው ላይ ከደረሰው እንድንማር ነው፤ ነገር ግን የሙያውን ምስጢርም ይዟል። ደረቅ ጢም ጠንካራ ነው፤ ውሃ የጠጣ ጢም ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥም የሚጠይቀው ጉልበት በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ለብ ባለ ውሃ ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ ወይም በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ አድርጋችሁ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆዩ። አባታችን "የላጪው ግማሽ ሥራ የውሃው ነው" ይሉ ነበር።

2. የጢሙን አበቃቀል ማወቅ። ከመላጨታችሁ በፊት በጣታችሁ ፊታችሁን ዳብሱ። በአንድ አቅጣጫ ሲለሰልስ በሌላው ይሻክራል። የሚለሰልሰው አቅጣጫ ጢሙ የሚተኛበት ነው። ጉንጭ ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ነው፤ አንገት ላይ ግን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ሊሆን ይችላል። የእያንዳንዱ ሰው አንገት የየራሱ ካርታ አለው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ለተማሪዎቹ የሰጠነው የቤት ሥራ ይኸው ነበር፦ ምላጭ ሳይዙ የራሳቸውን ፊት በወረቀት ስለው፣ አበቃቀሉን በቀስት አመልክተው እንዲያመጡ።

3. ምላጩን ማሰር። የመላጫውን እጀታ አዙራችሁ ፍቱ። ምላጩን ስለት በሌላቸው በሁለቱ አጫጭር ጫፎች ብቻ ያዙ። በክዳኑና በመከታው መካከል አስቀምጣችሁ እጀታውን መልሳችሁ አጥብቁ። ስለቱ በሁለቱም ወገን እኩል ብቅ ማለቱን ተመልከቱ፤ አንዱ ጎን ከበዛ ፈታችሁ እንደገና እሰሩ። እጃችሁ ርጥብ ከሆነ አስቀድማችሁ አድርቁ።

4. አረፋ ማንሣት። የረጠበውን ብሩሽ ሳሙናው ላይ አዙሩ፤ ከዚያ በክብ በክብ እያደረጋችሁ ጢማችሁን ቀቡ። አረፋው እንደ እርጎ ወፈር ያለ ይሁን። ፊኛ ፊኛ እያለ የሚፈነዳ ከሆነ ውሃው በዝቷል፤ ፊት ላይ የሚደርቅ ከሆነ ውሃው አንሷል።

5. ማዕዘኑን ማግኘት። ጀማሪን የሚያስቸግረው ይህ ነው። የመላጫውን ክዳን ጉንጫችሁ ላይ አስተኙ፤ እጀታው ከፊታችሁ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በዚህ ሁኔታ ስለቱ ቆዳ አይነካም። አሁን እጀታውን ቀስ በቀስ ወደ ታች ዝቅ አድርጉ። ስለቱ ፀጉር ሲነካ የመቆረጡን ድምፅ ትሰማላችሁ። እዚያ ላይ አቁሙ። በምላጩና በቆዳው መካከል ያለው ማዕዘን 30 ዲግሪ ገደማ ነው። በሂሳብ ክፍል የተማራችሁት ማዕዘን እዚህ ፊታችሁ ላይ ተገኘ ማለት ነው።

6. ያለ ጉልበት መላጨት። የመላጫው ክብደት ራሱ ይበቃል። አትጫኑ። አጭር አጭር፣ ከሁለትና ከሦስት ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ስበት፣ ጢሙ በሚተኛበት አቅጣጫ። ከሁለት ስበት በኋላ መላጫውን ውሃ ውስጥ አለቅልቁ። በጉንጭ ጀምሩ፤ ሰፊና ሜዳ ነው። ከዚያ አንገት፣ መጨረሻ ላይ ብዙ ከውሃና ከሳሙና ጋር የቆየው አገጭና የላይኛው ከንፈር። ምላጩ ቆዳ ላይ እያለ ወደ ጎን ፈጽሞ አታንሸራትቱት፤ ቁስል የሚመጣው ከዚያ ነው።

7. አንድ ዙር ይበቃል። ጀማሪ ፊቱን እንደ ብርጭቆ ማለስለስ ይፈልጋል። ለስላሳነትን መመኘት ብጉርን መመኘት ነው። አንድ ዙር በአበቃቀሉ መላጨት በቂ ነው። የቀረ ነገር ካለ እንደገና አረፋ ቀብታችሁ፣ አሁንም በአበቃቀሉ፣ ያንን ቦታ ብቻ። ደረቅ ቆዳ ላይ ምላጭ አይመለስም።

8. መጨረስ። በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፤ ፎጣውን ሳታሹ ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ አድርቁ። ሽቶ የበዛበት ነገር አትቀቡ። መላጫውን ፈታችሁ አጥባችሁ አድርቁ።

በቅዳሜው ትምህርት ላይ ምላጭ ፊት ከመንካቱ በፊት የተላጨው ፊኛ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ፊኛ ነፍቶ፣ አረፋ ቀብቶ፣ ፊኛው ሳይፈነዳ አረፋውን በምላጭ ጠርጎ ማንሣት ነበረበት። የመጀመሪያው ሰዓት ቧ! ቧ! በሚል ድምፅና በሳቅ አለፈ። ታላቅ ጉልበት ያለው፣ በእግር ኳስ የታወቀው ልጅ አምስት ፊኛ አፈነዳ። አባታችንም "ጉልበትህን ለሜዳው አስቀምጥልን ልጄ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አሉት። ስድስተኛውን ፊኛ ግን ሳይፈነዳ ጨረሰ።

ቢቆርጠንስ? ብጉር ቢወጣስ?

ትንሽ ከተቆረጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ አጥባችሁ ንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ ሸብ ካለ አርጥባችሁ ቦታውን ዳብሱት። ያቃጥላል፣ ደሙ ግን ይቆማል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው የሚያብጥና የሚያድግ ቆዳ ያላችሁ ልጆች ከመላጨታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ብጉር ከወጣ ላዩ ላይ አትላጩ፤ በመርፌም በጥፍርም አትቆስቁሱት። እስኪድን መላጨት አቁሙ። በተደጋጋሚ የሚወጣባችሁ ከሆነ ምላጭን ትታችሁ ጢሙን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል በሚያስቀር መከርከሚያ ማሳጠር ይሻላል። ይህ ስንፍና አይደለም። አባታችን ሲላጩ ቆዳን በጣት አጥብቆ የመወጠር ልማድ ነበራቸው፤ ጠምዛዛ ጢም ላለው ግን አብዝቶ መወጠር ፀጉሩን ከቆዳ በታች ያስቀራል። ይህንን ስንነግራቸው ጥቂት አሰቡና "እኔ የላጨሁት የሰው ፊት ነው፤ በማግስቱ የሚሆነውን የሚያየው ባለቤቱ ነው" አሉ። በሁለተኛው ቅዳሜ ሲያስተምሩ ቆዳውን ለማስተካከል ያህል ብቻ ነበር የሚነኩት። በእሳቸው ዕድሜ ልማድን መለወጥ ቀላል አይደለም፤ እኛ መምህራን ከሳሙናው ይልቅ የተማርነው ይህንን ነው።

የማንጋራው ዕቃ

እንጀራ እንጋራለን፣ ልብስ እንዋዋሳለን፣ ከአንድ ሰሐን እንጎርሳለን። ምላጭ ግን አንጋራም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁ በኋላ፣ በሬዲዮም በትምህርት ቤትም "ስለታም ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ" የሚለው ምክር ሳይሰለች ይነገር ነበር። የእኛ ትውልድ በቃሉ ያውቀዋል፤ እናንተ ግን የሰማችሁት አይመስለንም። ሌላም አለ፦ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰው አካል ውጭ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀን ሊቆይ ይችላል። መስኮት ላይ የተቀመጠ ምላጭ ንጹሕ ቢመስልም ንጹሕ አይደለም። የወንድምም፣ የአባትም፣ የጓደኛም ቢሆን አይነካም። ኪኞዚ ቤት ስትሄዱም አዲሱ ምላጭ ፊታችሁ እንዲከፈት በትሕትና ጠይቁ፤ "ይቅርታ ጌታዬ፣ አዲስ ምላጭ ይክፈቱልኝ" ማለት ብልግና አይደለም። በመጀመሪያ ያነሣነውን ልጅ ከእናቱ ጋር ወደ ክሊኒክ ልከን ምርመራ እንዲያደርግ አድርገናል። በደኅና ተመልሷል፤ ነገር ግን ውጤቱን የጠበቅንባቸውን ቀናት እኛም እናቱም አንረሳቸውም።

አንድ ምላጭ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ያህል ያገለግላል፤ መጎተት ከጀመረ ከዚያም በፊት ይለወጣል። ያለቀውን ምላጭ በቆሻሻ ከረጢት ውስጥ እንዲሁ አትጣሉ። ያንን ከረጢት በባዶ እጃቸው የሚያነሡ ሰዎች አሉ፤ እነሱም የሰው ልጆች ናቸው። ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ወስዳችሁ ክዳኑ ላይ ቀጭን ቀዳዳ አውጡ፤ ያለቀውን በዚያ አስገቡ። ሲሞላ በፕላስተር አሽጋችሁ "ስለት" ብላችሁ በአማርኛና በኪስዋሂሊ ጻፉበት። ትንንሽ ወንድሞችና እኅቶች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

ደንባችን ምን ሆነ?

ከሁለቱ ቅዳሜዎች በኋላ መምህራን ተሰብስበን ያቺን መስመር አውጥተን በምትኳ ይህንን ጻፍን፦ "ወንድ ተማሪዎች ፊታቸውን ንጹሕ አድርገው ይምጡ። የሚላጭ በራሱ መላጫ ይላጭ፤ የማይላጭ ከርክሞ ይምጣ። በሃይማኖት፣ በሐዘን ወይም በሕመም ምክንያት ጢሙን ያሳደገ ተማሪ አይጠየቅም።" ከተማሪዎቻችን ቤተሰብ ጢም ማሳደግን እንደ ሃይማኖት ሥርዓት የሚያዩ አሉ፤ ሐዘን የተቀመጠ ሰው ጢሙን የሚተወውም የአገራችን ወግ ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤት ከማዘዙ በፊት መጠየቅ አለበት።

ለወላጆች አንድ ነገር አደራ እንላለን። አባቶች፣ ስትላጩ በሩን ክፈቱት። በሌላ አገር ያላችሁም ብትሆኑ በስልኩ ካሜራ ፊት ተላጩ፤ ልጃችሁ ይያችሁ። እናቶች ደግሞ አትፈሩ። ይህ ምስጢር አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ ለልጃችሁ ብታነቡለት ይበቃል። ያ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በሁለተኛው ቅዳሜ ፊቱን ሳይቆርጥ ተላጭቶ ጨረሰና በዚያው ሰዓት ለአባቱ ደውሎ አሳየው። አባቱ ብዙ አልተናገሩም፤ "እስቲ ወደ ብርሃኑ ዙር" ብቻ አሉት።

በትምህርቱ ላይ ሁለት ሴት ተማሪዎችም ተገኝተው ነበር። አንዳንድ ወንዶች ሊስቁ ሲሉ አንደኛዋ "አያቴ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ነኝ የምላጫቸው" አለች። ሳቁ ቆመ። ከሁሉም ተማሪዎች ፊኛ ሳታፈነዳ በመጀመሪያው ሙከራ የጨረሰች እሷ ነበረች።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የፔሬ መላጫና የአናጺ መላጊያ በምን ይመሳሰላሉ? በሥዕል አስረዱ።
2. ብረት ከፀጉር እጅግ የጠነከረ ሆኖ ሳለ ምላጭ ለምን ይደነዝዛል?
3. ጠምዛዛ ጢም ላለው ሰው ባለ ብዙ ስለት መላጫ ለምን ላይስማማ ይችላል?
4. በሰፈራችሁ ሱቅ የአንድ እሽግ ምላጭንና ተጠቅመው የሚጥሉትን የፕላስቲክ መላጫ ዋጋ ጠይቁ። አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢላጭ፣ በዓመት የትኛው ይረክሳል? ስሌቱን አሳዩ።
5. የኪስዋሂሊውን ምሳሌ ከሚመስል የአማርኛ ምሳሌ ጋር አነጻጽሩ።
6. ከአባታችሁ፣ ከአጎታችሁ ወይም ከአያታችሁ አንዱን "መጀመሪያ የተላጩት እንዴት ነበር? ማን አሳየዎት?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ። በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ላይ ከመልሶቻችሁ የተመረጡትን እናወጣለን።